ሦስተኛው ጥሪ

ጤና ይስጥልኝ ወዳጆቼ፣ እንዴት ከረማችሁ? ዛሬ እንግዳ የለኝም፤ ብቻዬን ነኝ። ከምሽቱ አራት ሰዓት አልፏል። ሰፈሩ ፀጥ ብሏል። አልፎ አልፎ ውሻ ሲጮህ ከሰማችሁ የጎረቤት ነው፣ ቆርጬ አላወጣውም። ለዛሬው ጨዋታችን ይስማማል።

ስለ አስፈሪ ታሪክ ላጫውታችሁ ነው።

መጽሐፍ የምንወድ ጥቂት ሰዎች በየአሥራ አምስት ቀኑ ቅዳሜ ከሰዓት እንገናኛለን። ባለፈው ወር ከመካከላችን አንዷ «ውድድር እናድርግ» አለች። የአስፈሪ አጭር ልብ ወለድ ውድድር። የሚወዳደረው ከዚህ በፊት ምንም አሳትሞ የማያውቅ ሰው ብቻ ነው። ርዝመቱ ከ1500 ቃል አያልፍም። ስም አይጻፍበትም፤ የሚያነቡት ሰዎች የማን እንደሆነ ሳያውቁ ነው የሚያነቡት። ጊዜው ሦስት ሳምንት። ጭብጡ ደግሞ አንድ ቃል ብቻ፦ «አቤት»።

ቃሉ ሲነገር መጀመሪያ ሁላችንም ሳቅን። ከዚያ ዝም አልን። ለምን እንደሆነ ታውቁታላችሁ። ሌሊት ከውጭ ስምህ ሲጠራ ዘለህ «አቤት» አትልም። የመጀመሪያው ጥሪ ይታለፋል። ሁለተኛውም ይታለፋል። ሦስተኛ ከተጠራህ ሰው ነው። ሰው ያልሆነው ነገር ሦስት ጊዜ አይጠራም ይባላል። ይህን ሳይሰማ ያደገ ስንቱ ነው? እኔ እስከ ዛሬ ማታ ማታ በር ላይ ስሜ ሲጠራ አፌ ቶሎ አይከፈትም።

እንዲህ ያለ ጭብጥ እጄ ላይ ተቀምጦ እኔ ምን ጻፍኩ መሰላችሁ? ያረጀ የድንጋይ ግንብ። የሌሊት ወፍ። ጥቁር ካባ የደረበ፣ ፊቱ የገረጣ፣ ደም የሚጠጣ መኳንንት። «አቤት»ን አንድ ቦታ ላይ ሸጎጥኳት። ጽፌ ስጨርስ ደስ ብሎኝ ነበር። ለአንዲት ጓደኛዬ አነበብኩላት። ስኒዋን አስቀመጠችና «አማርኛህ ያምራል፣ ግን አልፈራሁም» አለችኝ። ትንሽ ቆይታ ደግሞ «ስትጽፈው አንተ ራስህ ፈርተህ ነበር?» አለችኝ።

አልፈራሁም ነበር። አንድም ቦታ ላይ።

ያቺ ጥያቄ ሌሊቱን እንቅልፍ ነሳችኝ። ተነስቼ ዱሮ ያነበብኩትን ነገር ማገላበጥ ጀመርኩ። ይህን ታሪክ አንዳንዶቻችሁ ታውቁት ይሆናል፤ ግን በጀማሪ ጸሐፊ ዓይን እንየው።

ዘመኑ በአውሮፓውያን አቆጣጠር 1816 ነው። ወሩ ሰኔ። ቦታው ስዊዘርላንድ፣ ጄኔቫ ሐይቅ ዳር፣ ኮሎኒ የምትባል መንደር። እንግሊዛዊው ገጣሚ ሎርድ ባይረን ቪላ ዲዮዳቲ የሚባል ቤት ተከራይቶ ነበር። 28 ዓመቱ ነው፤ ስሙ በመላው አውሮፓ የናኘ ሰው ነው። አጠገቡ ባለ አነስ ያለ ቤት ደግሞ ሌላው ገጣሚ ፐርሲ ሼሊ አለ። ከሼሊ ጋር ሁለት ወጣት ሴቶች አሉ፤ ሜሪ ጎድዊን እና የእንጀራ እህቷ ክሌር። ሁለቱም 18 ዓመታቸው ነው። አምስተኛው ጆን ፖሊዶሪ ይባላል። የባይረን የግል ሐኪም ነው፣ 20 ዓመቱ።

የዚያ ዓመት በጋ በጋ አልነበረም። ከዓመት በፊት፣ በሚያዝያ 1815፣ ኢንዶኔዥያ ውስጥ ሱምባዋ ደሴት ላይ ታምቦራ የሚባል እሳተ ገሞራ ፈንድቶ ነበር። ከተራራው የወጣው ጢስና ትቢያ ሰማይ ላይ ተበትኖ ፀሐይን ከለላት። አውሮፓ ውስጥ ብርዱ ጠና፣ ዝናቡ አላባራ አለ፣ እህሉ ጠፋ፣ ሰው ተራበ። እነ ባይረን ባሉበትም ዝናብ ነው። የእኛን ሐምሌ አስቡት። ቀኑን ሙሉ ይዘንባል፣ ሰው ቤት ውስጥ ተፋጦ ይውላል፣ ማታ እሳት ዳር ከመሰብሰብ ሌላ ሥራ የለም። ከጀርመንኛ ወደ ፈረንሳይኛ የተተረጎሙ የሙት መንፈስ ታሪኮች ነበሩ። እነሱን ጮክ ብለው እየተቀባበሉ ያነባሉ። አንድ ምሽት ባይረን «እያንዳንዳችን አንድ የሙት መንፈስ ታሪክ እንጻፍ» አለ።

በቃ። ውድድሩ ይኸው ነው። ዳኛ የለ፣ ሽልማት የለ። ጭብጥና የሰው ዓይን ብቻ።

ሁለቱ ዝነኛ ገጣሚዎች ብዙ አልገፉበትም። ባይረን ትንሽ ጀምሮ ተወው። ሼሊም ከልጅነቱ ትዝታ አንድ ነገር ጀምሮ ተወ። የጨረሱት ያልታወቁት ሁለቱ ናቸው። የ18 ዓመቷ ልጅና የ20 ዓመቱ ሐኪም። ይህን ሳስብ ልቤ ይሞቃል። አንባቢ ዘንድ ስም የሌለው ሰው የሚያጣው ነገር የለም። ወይም ብዙ ይጠብቃል። ብቻ እነሱ ጨረሱ።

ሜሪ ግን ቶሎ አልመጣላትም። ከዓመታት በኋላ፣ በ1831 እንደገና በታተመው መጽሐፏ መግቢያ ላይ ራሷ ጽፋዋለች። በየማለዳው «ታሪክ አሰብሽ?» እያሉ ይጠይቋታል። በየማለዳው አንገቷን ደፍታ «ገና» ትላለች። ይህን ሳነብ እጄን ግንባሬ ላይ አደረግሁ። እኛም የቴሌግራም ቡድን አለን፤ በየጧቱ አንዱ «እህ፣ የት ደረሳችሁ?» ብሎ ይጽፋል። ያቺን መልእክት አይቶ ስልኩን ገልብጦ ማስቀመጥ ምን እንደሆነ አውቀዋለሁ።

ከዚያ አንድ ማታ ባይረንና ሼሊ ስለ ሕይወት ምንጭ ያወራሉ። የሞተን አካል በኤሌክትሪክ ማንቀሳቀስ ይቻል ይሆን ወይ እያሉ ነው። ሜሪ ዝም ብላ ታዳምጣለች። ሌሊቱ ገፍቶ ጋደም ስትል እንቅልፍም ያልሆነ፣ ንቃትም ያልሆነ ነገር መጣባት። አንድ ተማሪ ቀጣጥሎ ከሠራው ገላ አጠገብ ተንበርክኳል። የተጋደመው ነገር ይንቀሳቀሳል። ደንግጣ ዓይኗን ገለጠች። ከዚያ ያሰበችው ነገር ነው እኔን የገለበጠኝ። አገኘሁት አለች፤ እኔን ያስፈራኝ ሌላውንም ያስፈራዋል አለች።

በማግስቱ መጻፍ ስትጀምር ከመጀመሪያው አልጀመረችም። ጀግናው የት ተወለደ፣ አባቱ ማን ነው፣ አላለችም። ከዚያች ከአስፈራቻት ቅጽበት ጀመረች፤ ከአንድ የጨፈገገ የኅዳር ሌሊት። ያ አጭር ታሪክ አድጎ «ፍራንከንስታይን» ሆነ። ጥር 1 ቀን 1818 ሲወጣ 500 ቅጂ ብቻ ነው የታተመው። ስሟም አልነበረበትም።

አንድ ነገር ልጨምር። በ1815 መጀመሪያ ላይ ሜሪ ቀኗ ሳይደርስ ሴት ልጅ ወልዳ ነበር። ሕፃኗ ሁለት ሳምንት ሳይሞላት ሞተች። በመጋቢት የዕለት ማስታወሻዋ ላይ ሜሪ አንድ ሕልም ጽፋለች። ልጇ ሕያው ሆና አየቻት። አልሞተችም ኖሯል፣ በርዷት ነው እንጂ። እሳት ዳር ወስደው አሻሿት፣ ነፍስ ዘራች። ከዚያ ሜሪ ነቃች። ልጅ የለም።

ይህን ሕልም ካነበብኩ በኋላ ያ መጽሐፍ ለእኔ ሌላ መጽሐፍ ሆኗል። ሰው ሬሳን ለማስነሳት ሲሞክር ሳነብ ያቺ እሳት ዳር ሕፃን የምታሻሽ የ17 ዓመት እናት ትታየኛለች። ይህ የእኔ አነባበብ ነው፣ በግድ ተቀበሉኝ አልልም።

የፖሊዶሪም ነገር አለ። መጀመሪያ ያሰበው ታሪክ፣ ሜሪ እንደምትነግረን፣ በቁልፍ ቀዳዳ አሾልቃ በማየቷ ተቀጥታ ጭንቅላቷ የራስ ቅል ስለሆነባት ሴት ነው። የትም አላደረሰውም። በኋላ ባይረን ጀምሮ የተወውን ቁራጭ ይዞ ሌላ ታሪክ ሠራ። በ1819 አንድ የለንደን መጽሔት ላይ ወጣ። ያውም በስሙ አይደለም፣ በባይረን ስም ነው የወጣው። ገጸ ባሕርዩ መልከ መልካም፣ የገረጣ፣ ሰው የሚወደው፣ ደም የሚጠጣ መኳንንት ነው። አንባቢዎች ባይረንን ያዩበታል፤ እኔም አየዋለሁ። ከዚያ በፊት በአውሮፓ ገጠር ተረት ውስጥ ደም መጣጩ ከመቃብር የሚነሳ የገበሬ ሬሳ ነበር። ካባ አልብሶ ሳሎን ያስገባው ፖሊዶሪ ነው።

እዚህ ላይ ስደርስ ላፕቶፑን ዘጋሁት። የእኔ ባለ ካባ ሰውዬ ከየት እንደመጣ ገባኝ። ከዚያው ቤት ነው የመጣው። ለፖሊዶሪ ግን ተረት አልነበረም። አንድ ቤት አብሮት ያደረ፣ አብሮት ገበታ የቀረበ ጌታው ነው። እንደ ልጅ የሚያየው፣ በዚያው በ1816 ያሰናበተው ሰው ነው። ፍርሃቱ የራሱ ነው። እኔ ነኝ ከሁለት መቶ ዓመት በኋላ የትውስት ልብስ የለበስኩት።

ስለዚህ ራሴን ጠየቅሁ። «አቤት» ሲባል አንተ የት ነበርክ?

ደብረ ብርሃን ነበርኩ። አያቴ ቤት። ስምንት ዓመቴ ነው።

ደርግ ከወደቀ ሁለት ዓመት ሆኖታል። አጎቴ፣ የአያቴ የመጨረሻ ልጅ፣ ብሔራዊ ውትድርና ሄዶ ወደ ሰሜን ዘምቶ ነበር። ሠራዊቱ ሲበተን ብዙ የሰፈር ልጆች በእግራቸው፣ ባዶ እጃቸውን፣ እግራቸው ቆስሎ መጡ። እሱ አልመጣም። መርዶም አልመጣም። አያቴ ለቅሶ አልተቀመጠችም፣ ተዝካርም አላወጣችም። ነጭ ጋቢው ሳጥን ውስጥ ነበር። መስከረም ሲጠባ አውጥታ ፀሐይ ላይ ታሰጣዋለች፣ ማታ አጥፋ ትመልሰዋለች።

ሌሊት ነው። የደብረ ብርሃን ብርድ ታውቁታላችሁ። እኔ ከአያቴ ጋር አንድ አልጋ ላይ ተኝቻለሁ። መብራት የለም። ከቆርቆሮው አጥር ውጭ «እማዬ» የሚል ድምፅ ሰማሁ። ወጣት ወንድ ነው። የቸኮለ አይደለም። እንደ ደከመ ሰው ነው የሚጣራው። አፌን ስከፍት የአያቴ እጅ መጥቶ ከደነው። ሻካራ ነው። የሽንኩርትና የቅቤ ሽታ አለው። እንደነቃች የገባኝ ያኔ ነው። እጇ ይንቀጠቀጣል።

«እማዬ» አለ ሁለተኛ።

እጇ አፌ ላይ ጠበቀ። መተንፈስ አቃተኝ። ጆሮዬ ደረቷ ላይ ነበር፣ ልቧን እሰማዋለሁ። ጠበቅን። ውሻው አልጮኸም። ጅብም አልጮኸም። ቆርቆሮው ላይ ነፋስ እንኳ አልነበረም። እንዲያው ጠበቅን። ቆይቶ እጇን ከአፌ ላይ አነሳች፤ ግን አልተኛችም። ተነስታ በጨለማ ሳጥኑን ስትከፍት ሰማኋት። ሲነጋ ዓይኔን ስገልጥ በሩ ሥር ዱካ ላይ ተቀምጣለች። ጋቢው ጭኗ ላይ ነው።

«እማማ፣ ማን ነበር?» አልኳት።

መልስ ሳትሰጠኝ ብዙ ቆየች። ከዚያ «አንድ ጊዜ ብቻ ቢጨምር ኖሮ ከፍቼለት ነበር» አለችኝ።

ሠላሳ ዓመት አልፎታል። ይህን ለማንም አውርቼ አላውቅም፤ ለእናቴም። ልጅ ሆኜ የፈራሁት ውጭ ያለውን ነበር። አሁን ስጽፈው የሚያስፈራኝ ሌላ ነው። እውነት እሱ ቢሆንስ? ደክሞት ሁለት ጊዜ ጠርቶ ዝም ያለ ሰው ቢሆንስ? አያቴ ይህን እያሰበች ስንት ሌሊት አድራለች?

ግንቡን፣ የሌሊት ወፉን፣ ባለ ካባውን ሁሉ ሰረዝኩት። አዲሱን በሁለት ሌሊት ጻፍኩት። እንደ ሜሪ ከመሐል ነው የጀመርኩት፤ ከዚያ እጅ። የአጎቴን መዝመት ከፊት አላብራራሁም፣ ጋቢው ይናገረዋል ብዬ ተውኩት። 1500 ቃል ጠበበኝ። ሦስት ጊዜ ቆራረጥኩት። ስቆርጠው ይበልጥ አስፈራኝ። «ጅን» የሚል ቃል ነበረበት፣ «ሰይጣን» የሚል ነበረበት፣ ሁለቱንም አወጣኋቸው። ከአጥሩ ውጭ ያለው ምን እንደሆነ አልተናገርኩም፤ አላውቅማ።

ሐሙስ ማታ ላክሁት። ለዚያች ጓደኛዬ ግን አስቀድሜ አነበብኩላት። አንብቤ ስጨርስ ምንም አላለችም። ሄዳ የበሩን መወርወሪያ አየችው። ከዚያ ተመልሳ ተቀመጠችና ስለ አባቷ ማውራት ጀመረች። አውርታልኝ አታውቅም ነበር።

ውጤቱ የሚነገረው በሚቀጥለው ቅዳሜ ነው። ማን እንዳሸነፈ ስሰማ እነግራችኋለሁ። የሌሎቹንም ታሪክ፣ ጸሐፊዎቹ ከፈቀዱልኝ፣ እዚሁ አነብላችኋለሁ። የእኔ የመጀመሪያዋ ዓረፍተ ነገር ግን ይህቺ ናት፣ ዛሬ ልንገራችሁ፦

«ሦስተኛውን ስንጠብቅ ነጋ።»

ደህና እደሩ።