ዝም ያለውን ማን ጠየቀው?

እንዴት አደራችሁ? ከባሕር ዳርም፣ ከእንጅባራም፣ እዚሁ ከማርቆስም ተሰባስበን ለመተያየት ያበቃን እግዚአብሔር ይመስገን። ከኋላ የቆማችሁ ወደ ፊት ኑ፣ ቦታ አለ።

ዘንድሮ የማወራችሁ እኛ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ስለምንገናኝባቸው የቴሌግራም ግሩፖቻችን ነው። አንድ ግሩፕ እስከ 200,000 ሰው ይይዛል። ፈተና ሲዛወር፣ ሃንድአውት ሲወጣ ወሬው በደቂቃ ይዳረሳል፤ ጥሩ ነው። ግን ገና ከእናቱ ቤት የወጣ ፍሬሽማን፣ ከማያውቃቸው ልጆች ጋር አንድ ዶርም የተመደበ፣ ማታ ሆድ ሲብሰው ያን ሁሉ ሰው ፊት ምን ብሎ ይጽፋል? ዝም ይላል። እኛ ደግሞ አባል ነው ብለን እንቆጥረዋለን።

እኔም አንደኛ ዓመት ሳለሁ እንዲሁ ነበርኩ። ሴሚስተሩን ሙሉ የሰው መልእክት እያነበብኩ አንድ ቃል አልጻፍኩም። አንዲት ሲኒየር ስሜን ከአባላቱ መሀል አይታ «ማትሱ እንዴት ይዞሃል?» ብላ በውስጥ መስመር ጻፈችልኝ። ቅዳሜ ላይብረሪ ተገናኘን። ከዚያ በኋላ ቅዳሜ ቀርቼ አላውቅም።

ለጎጃም ይህ እንግዳ አይደለም። ዋሸራም ሆነ ዲማ ቅኔ ሊማር ከሩቅ የመጣ ልጅ ጎጆውን ከጓደኞቹ ጎጆ አጠገብ ይቀልሳል፤ ቀድሞ የገባው አዲሱን ያስጠናዋል፣ ሲታመም ያስታምመዋል።

ስለዚህ የማቀርበው ሐሳብ ይህ ነው። ትልቁ ግሩፕ የማስታወቂያ ቻናል ይሁን። ከሥሩ ስምንት ስምንት ሆነን ትንንሽ ግሩፕ እንክፈት፣ ለእያንዳንዱ አንድ ሲኒየር ይመደብ። ጊቢም እናቀላቅል፤ ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ በ1992 ዓ.ም. ሲመሠረት ፖሊን፣ ማለትም ፖሊቴክኒኩን፣ ከፔዳ፣ ማለትም ከመምህራን ኮሌጁ ጋር አንድ አድርጎ ነበር፣ ዛሬ ግን የፖሊው ልጅ የፔዳውን ሳያውቅ የሚመረቅበት ጊዜ ብዙ ነው። ሲኒየሩ እሁድ ማታ ግሩፑን ይይ፤ ሳምንቱን ድምፁ የጠፋውን ይደውልለት። በአስራ አምስት ቀን አንዴ ደግሞ ስልኩን ኪሳችን ከተን ሻይ እንጠጣ፣ በአካል።

ከባድ ቪዲዮ አትላኩ፣ እባካችሁ። ዳታ ተበድሮ የሚገባ ልጅ አለ።

አንድ ነገር አጥብቄ የምለምናችሁ፣ ስልክ ቁጥር በወረቀት ያዙ። በ2015 ክረምት በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥ ቴሌግራሙ ጸጥ አለ። ቁጥራቸውን ደብተር ላይ የጻፍንላቸውን ልጆች መንገድ ሲገኝ ደውለን፣ በሰው በሰው ጠይቀን አገኘናቸው። በዩዘርኔም ብቻ የምናውቃቸው ግን ነበሩ፤ ከእነሱ መሀል እስከ ዛሬ የት እንደደረሱ ያላወቅናቸው አሉ። እኔ ይህን ሳስብ እንቅልፍ ይነሳኛል።

ሲኒየሮች፣ ከምሳ በፊት ስማችሁንና ቁጥራችሁን አስመዝግቡ። ደብተሩ በሩ አጠገብ ነው፣ እስኪርቢቶም አለ።