የዜና ሰዓት ሲያጥር

ጤና ይስጥልኝ፣ የተከበራችሁ አድማጮች። በዛሬው ዝግጅት የማነሣው ጥያቄ ብዙ ያሳሰበኝ ጉዳይ ነው። የኅብረተሰቡ የኑሮ ፍጥነት እየጨመረ ሲሄድ፣ አንድ ክስተት ለምን ዜና እንደሚሆን የሚያስረዱት ንድፈ ሐሳቦች እስከ ምን ድረስ ይጸናሉ?

እ.ኤ.አ. በ1965 ኖርዌያውያኑ ተመራማሪዎች ዮሐን ጋልቱንግ እና ማሪ ሆልምቦ ሩገ፣ 4 የአገራቸው ጋዜጦች የኮንጎን፣ የኩባንና የቆጵሮስን ቀውሶች እንዴት እንደዘገቡ መርምረው፣ ክስተትን ለዜና የሚያበቁ 12 መመዘኛዎችን አቀረቡ። ከሁሉ አስቀድመው ያነሡት የጊዜን ጉዳይ ነው። ክስተቱ ተከናውኖ ትርጉም እስኪሰጥ የሚወስደው ጊዜ ከመገናኛ ብዙኃኑ የሥርጭት ዑደት ጋር ከገጠመ የመመረጥ ዕድሉ ይሰፋል። ግድያ በሁለት ዕለታዊ እትሞች መካከል ተፈጽሞ ያበቃል፤ የግድብ ግንባታ ግን ልብ ሳይባል ቆይቶ ምርቃቱ ብቻ ዜና ይሆናል።

ያን ጊዜ የጋዜጣው ዑደት አንድ ቀን ነበር። ከዚያ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1980 ሲኤንኤን የ24 ሰዓት የዜና ሥርጭት ጀመረ፤ ዛሬ ደግሞ በእጃችን በያዝነው ስልክ ላይ በአንዱ ዜናና በሚቀጥለው መካከል ይህ ነው የሚባል ልዩነት የለም። ጀርመናዊው የማኅበረሰብ ጥናት ምሁር ሃርትሙት ሮዛ እንደሚለው የሚፋጠነው ቴክኖሎጂው ብቻ ሳይሆን ማኅበራዊ ለውጡና የዕለት ኑሯችንም ጭምር ነው። ታዲያ መለኪያው ራሱ በየጊዜው እያጠረ ከሄደ፣ ቀስ ብሎ የሚመጣ ነገር ከዜና የሚርቀው በራሱ ዝግታ ብቻ ሳይሆን በመለኪያው ማጠርም ነው ማለት ነው። ተመራማሪዎቹ ቶኒ ሃርከፕ እና ዲርድሬ ኦኒል የእንግሊዝ ጋዜጦችን አጥንተው እ.ኤ.አ. በ2001 ባወጡት አዲስ የዜና መመዘኛዎች ዝርዝር ውስጥ ይህ የጊዜ መመዘኛ ራሱን ችሎ አይገኝም፤ እ.ኤ.አ. በ2017 ሲያሻሽሉት ግን ሰዎች ዜናውን በማኅበራዊ ሚዲያ ለመጋራት ያላቸውን ዝንባሌ ጨምረዋል። ሥራቸውን አከብራለሁ። ነገር ግን እኔ እንደማምነው ጊዜ ከሌሎቹ መመዘኛዎች ጎን የሚቆም አንድ ተጨማሪ መመዘኛ አይደለም፤ ሌሎቹ ሁሉ የቆሙበት መሠረት ነው።

የግድቡን ምሳሌ ወደ አገራችን ባመጣው የሚያስገርም ነገር ይታየኛል። የታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ መሠረት መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. ተጥሎ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. እስኪመረቅ ድረስ ከዜና አልጠፋም። የቦንድ ሽያጩ፣ በ2005 ዓ.ም. የዓባይ ወንዝ አቅጣጫ መቀየሩ፣ በየክረምቱ የተካሄደው የውኃ ሙሌት፣ በ2014 ዓ.ም. የመጀመሪያው ተርባይን ኃይል ማመንጨቱ፣ ከግብፅና ከሱዳን ጋር የተደረገው ድርድር ሁሉ ረጅሙን ሥራ ለዜና በሚመች መጠን ከፋፍለውታል። ዘገምተኛ ነገር ዜና መሆን የሚችለው በየደረጃው ከፍሎ የሚያቀርብለት ባለቤት ሲኖረው ነው።

ረሃብ እንዲህ ያለ ባለቤት የለውም። ዝናብ ይቀራል፣ የእህል ዋጋ ይወደዳል፣ ገበሬው በሬውን ይሸጣል፣ ከዚያም ቤተሰቡን ይዞ ይሰደዳል፤ ከእነዚህ አንዱም ብቻውን የአንድ ቀን ዜና አይሆንም። በ1977ቱ የአገራችን ረሃብ የእርዳታ ማስተባበሪያ ኮሚሽን ወራት ቀደም ብሎ ቢያስጠነቅቅም፣ ዓለም የደነገጠው በጥቅምት 1977 ዓ.ም. ጋዜጠኛው ማይክል በርክና የካሜራ ባለሙያው መሐመድ አሚን ከኮረም ያመጡት ምስል በቢቢሲ ሲታይ ነበር። የምስሉን ኃይል አላቃልልም፤ የብዙዎችን ሕይወት ያተረፈ እርዳታ ቀስቅሷል። ሆኖም ዜናው የደረሰው ለብዙዎች ከረፈደ በኋላ ነው።

የዛሬው ፍጥነት ይህን አልፈወሰውም። አሁን የምግብ እጥረትን በ5 ደረጃዎች የሚመድብ ዓለም አቀፍ መለኪያ አለ፤ ይኸውም ዝግ ብሎ የሚመጣውን አደጋ በየደረጃው ለማሳየት የሚያስችል ነው። ይሁን እንጂ ዜና አዘጋጆች አብዛኛውን ጊዜ የሚነቁት አምስተኛው ደረጃ፣ ማለትም ረሃብ፣ ሲታወጅ ነው። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2011 በሶማሊያ ረሃብ መግባቱ በይፋ ሲታወጅ፣ በዚያ ረሃብ ካለቁት ሰዎች ግማሽ ያህሉ ቀድሞውኑ ሞተው እንደነበር በኋላ የተደረገው ጥናት አሳይቷል። ስለዚህ የዜና መረጣን የሚያጠኑ ምሁራንም ሆኑ ዜና ክፍል ውስጥ የሚሠሩ ባልደረቦቻችን ገና ቀውስ በሚባለው ሦስተኛው ደረጃ ላይ ጋዜጠኛ መመደብ ለምን እንደሚከብድ እንዲመረምሩ አጥብቄ እጠይቃለሁ።