ውሻ ይዞ በሸራ ጀልባ መጓዝ፦ የአድማጮች ጥያቄና መልስ

በዚህ ሳምንት ስልኩ ፋታ አልሰጠንም። የባሕሩን ዳርቻ ይዘው በሸራ ጀልባ ሊጓዙ ያሰቡ፣ ውሻቸውንም ትተው መሄድ ያልሆነላቸው ሰዎች ናቸው አብዛኞቹ። ድመት ስለመያዝ የጠየቃችሁን ሌላ ቀን እንመለስበታለን፤ እሱ ራሱን የቻለ ጣጣ ነው።

ጥያቄ፦ ውሻዬ ጎበዝ ዋናተኛ ናት። ባለቤቴ ግን ላይፍ ጃኬት ካላደረገች አንሄድም ይላል። ምን ይሠራላታል?

ባለቤትሽ ልክ ነው። መዋኘት መቻሏ አንድ ነገር ነው፣ ጀልባው ላይ መድረሷ ሌላ። በ5 ኖት (በሰዓት 9 ኪሎ ሜትር ገደማ) የሚሄድ ጀልባ በአንድ ደቂቃ ውስጥ 150 ሜትር ይርቃል። እናንተ ሸራ አውርዳችሁ፣ ሞተር አስነስታችሁ እስክትዞሩ ደግሞ አንድ ደቂቃ ምንም አይደለም። በዚያ ርቀት ላይ የሚታያችሁ ማዕበል መሃል ብቅ ጥልቅ የሚል ጭንቅላት ብቻ ነው፣ እሱም ከታየ። ስለዚህ ጃኬቱ ደማቅ ቢጫ ወይም ብርቱካናማ ይሁን። ከሁሉ በላይ ጀርባው ላይ ጠንካራ እጀታ ይኑረው፣ ምክንያቱም ውሃ የጠጣ ፀጉር ያለውን ትልቅ ውሻ ያለ መያዣ ከባሕር መጎተት የማይታሰብ ነው። መጀመሪያ መሬት ላይ አልብሻትና በእጀታው ትንሽ ከፍ አድርጊያት። ሾልካ ከወጣች ልኳ አይደለም፣ ተይው።

ጃኬቱ ግን ሁለተኛው መከላከያ ነው። የመጀመሪያው ገመድ ነው። ጀልባው እየሄደ ሳለ ውሻዋ ከውስጥ ወደ ጀልባው ክፍት ወለል ከወጣች ትታሰር፣ በአንገቷ ግን በጭራሽ! ከጠርዙ ብትንሸራተት ታንቃ ትሞታለች። የደረት ማሰሪያ አድርጊላት፤ ገመዱም እስከ ጠርዙ የማያደርሳት አጭር ይሁን። ሸራው ከአንዱ ጎን ወደ ሌላው በሚዞርበት ጊዜ የሸራውን ታች የያዘው አግዳሚ ዘንግ ያገኘውን ሁሉ ጠራርጎ ስለሚያልፍ፣ ከዚያ በፊት ወደ ውስጠኛው ክፍል፣ ወደ ካቢን ትግባ።

ይህ ሁሉ ተደርጎም ከወደቀች፣ አንድ ሰው ሌላ ሥራ አይሥራ። ዓይኑን ሳይነቅል በጣቱ ወደ እሷ ይጠቁም። ስትደርሱባት ሞተሩን ፎሌ ላይ አድርጉት፣ ፕሮፔለሩ እንዳይጎዳት። ተከትሎ የሚዘል ሰው አይኑር፤ የሚፈለገው አንድ ነበር፣ ሁለት ይሆናል።

ጥያቄ፦ የኔው ውሻ ጀልባ ላይ አልሸናም ብሎ ቀኑን ሙሉ ቋጥሮ ይውላል። ምን ላድርግ?

ጨዋ ስለሆነ ነው የሚቸገረው። ቤት ውስጥ አትሽና ተብሎ አድጓል፣ ጀልባውን ደግሞ ቤት ነው ብሎ ይዞታል። ቁራጭ ሰው ሠራሽ ሳር ፈልግ። ከጉዞው ብዙ ሳምንታት ቀደም ብለህ ቤት እያለ እዚያው ላይ አስለምደው፣ በሸና ቁጥር ወዲያው ሸልመው። ጀልባው ላይ የራሱን ሽንት ጠብ አድርግበት፤ ሽታው ነው የሚጠራው። ጥጉን ብሳና ገመድ አስገባበት፣ ሲቆሽሽ ባሕር ውስጥ ነክረህ ታወጣዋለህ። ቁጣ ግን አይሠራም፤ ይባስ ብሎ ይቋጥራል።

እስኪለምድ ድረስ ጉዞውን የሚወስነው ውሻው ነው። መልህቅ የምትጥልበትን ቦታ የምትመርጠው አንተ ቆንጆ ነው ስላልከው ሳይሆን ወደ የብስ በምትወስደን ትንሿ ጀልባ ወደ ዳር መድረስ ስለሚቻል ይሁን። ትንሿ ጀልባ በአየር የምትነፋ ከሆነች ወለሏ ላይ ምንጣፍ ጣል፣ ጥፍሩ እንዳይበሳት።

ጥያቄ፦ ውሻችን ባሕር ላይ ያስመልሰዋል። ለእኛ የታዘዘውን ክኒን ብንሰጠውስ? ውሃም አብዝቶ ይጠጣል።

እባክዎ፣ በግምት አይስጡት። ለውሾች የጉዞ ማስመለስ የተፈቀደ ማሮፒታንት የሚባል መድኃኒት አለ። የእንስሳት ሐኪም በክብደቱ መጠን ያዝለታል፣ የሚሰጠውም ከመነሳት በፊት ነው። ምልክቱን ቀድመው ማየት ይችላሉ፦ ለሀጩ ይዝረበረባል፣ ደጋግሞ ያዛጋል፣ ከንፈሩን ይልሳል። ያኔ ጀልባው ብዙ ወደማይወዛወዝበት፣ ወደ መሃልና ወደ ታች ያውርዱት።

የሚጠጣው የትኛውን ውሃ ነው? የባሕር ውሃ ከሆነ ማስመለሱ ከዚያም ሊሆን ይችላል። በ1 ሊትር ውስጥ 35 ግራም ገደማ ጨው አለበት፤ ሲበዛ ይገድላል። ውሻ በቀን ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደቱ ከ50 እስከ 60 ሚሊ ሊትር ንጹህ ውሃ ይፈልጋል፣ ማለትም 20 ኪሎ ለሚመዝን ከ1 እስከ 1.2 ሊትር ነው፤ ሙቀት ሲኖር ደግሞ ይጨምራል። ውሻ እንደ እኛ በላብ አይቀዘቅዝም፣ በማለክለክ ነው። ስለዚህ ጥላ ዘርጉለት። የእጅዎን ጀርባ ወለሉ ላይ አድርገው 7 ሰከንድ መታገሥ ካቃተዎ፣ የእሱም መዳፍ ይቃጠላል። አፍንጫውን የሰው የፀሐይ ቅባት አይቀቡት፤ ብዙዎቹ ዚንክ ኦክሳይድ አላቸው፣ እሱም ይልሰዋል፣ ለውሻ መርዝ ነው።

ጥያቄ፦ መንገዳችን ላይ የሌላ አገር ወደብ ብንነካስ?

በአጭሩ፣ ወረቀቱን ከሸራው በፊት ጨርሱ። ለአውሮፓ ኅብረት አገሮች ማይክሮቺፕ ይቀድማል፣ ከዚያ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት፣ ከመጀመሪያው ክትባት በኋላ ቢያንስ 21 ቀን መጠበቅ። ማልታ፣ ፊንላንድና አየርላንድ ከመግባታችሁ በፊት ከ24 እስከ 120 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ የኮሶ ትል መድኃኒት መሰጠቱንም ሐኪም መዝግቦ እንዲያሳይ ይፈልጋሉ። ወደ ብሪታንያ ደግሞ ከአየርላንድና ከአካባቢው ደሴቶች ካልሆነ በስተቀር ውሻ ይዞ በግል ጀልባ መግባት አይቻልም፤ በተፈቀደ መስመርና ፈቃድ ባለው አጓጓዥ ነው የሚገባው። ሕጉ ስለሚለዋወጥ ከመነሳታችሁ በፊት የምትደርሱበትን ወደብ ራሱን ጠይቁ፣ እስኪፈቀድላችሁም ውሻው ከጀልባው አይውረድ።