ግብሩ ትንሽ ነበር፤ ታዲያ አሜሪካኖች ለምን አመፁ? የአድማጮች ጥያቄና መልስ

ጁላይ 4፣ የአሜሪካ የነጻነት ቀን፣ በተቃረበ ቁጥር የሬዲዮ ጣቢያው ስልክ ሥራ ይበዛበታል። እኔ የታሪክ አስተማሪ ነኝ። በዋሽንግተን አካባቢ ለዜግነት ፈተና የሚዘጋጁ ወገኖችንም አስጠናለሁ። ስለዚህ ግማሹ አድማጭ ስለ ታሪኩ ይጠይቀኛል፣ ግማሹ ስለ ፈተናው። ሁለቱንም ሳልለይ የመለስኳቸው እነሆ። ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

አድማጭ ከሲልቨር ስፕሪንግ፦ መምህር፣ "ሰፋሪዎቹ እንግሊዝን ለምን ተዋጉ?" ስባል "ግብር ስለበዛባቸው" ብዬ ሸምድጃለሁ። ይበቃል?

ለማለፍ ይበቃል። የጥናት ወረቀቱ ከሚቀበላቸው መልሶች አንዱ ነው። ተማሪዎቼ ይህን ብቻ ይዘው ሲሄዱ ግን ያንገበግበኛል። ምክንያቱም ግብሩ ያን ያህል ከባድ አልነበረም። በዚያን ዘመን እንግሊዝ አገር የሚኖር ሰው አሜሪካ ካለው ሰፋሪ ብዙ እጥፍ ይከፍል ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ያኔ አሜሪካ በእንግሊዝ ቅኝ ግዛቶች የተከፈለች ነበረች፣ ሰፋሪ የምንለውም እዚያ የሚኖረውን ሰው ነው። እንግሊዝ ከፈረንሳይ ጋር ያደረገችውን የሰባት ዓመት ጦርነት በ1763 በድል ጨረሰች። ድሉ ወደ 130 ሚሊዮን ፓውንድ የሚጠጋ ዕዳ ይዞ መጣ። ለንደን ያሉት ሹማምንት ሒሳብ ሠሩ። ጦርነቱ አሜሪካ ያሉትንም ጠቅሟል፣ ጦሩም አሁን እዚያው ነው፣ ድርሻቸውን ይክፈሉ አሉ። ሲሰሙት ፍትሐዊ ይመስላል።

መጀመሪያ የመጣው የ1764ቱ የስኳር ሕግ ነው። ልብ በሉ፣ ይህ ሕግ የሞላሰስን (ከስኳር ምርት የሚቀረውን ጥቁር ፈሳሽ) ቀረጥ ከፍ አላደረገም። በጋሎን ከ6 ፔንስ ወደ 3 ፔንስ ዝቅ አደረገው! ታዲያ ምን አስቆጣቸው? 6 ፔንሱን ደህና አድርጎ የሚከፍል አልነበረማ። ሞላሰሱ በኮንትሮባንድ ይገባል፣ የጉምሩኩ ሰው ጉቦውን ይቀበላል፣ ሁሉም ተስማምቶ ይኖራል። አዲሱ ሕግ ግን ጥብቅ ቁጥጥር ይዞ መጣ። የተያዘ ነጋዴም ጁሪ (ከሕዝብ የሚመረጡ ፈራጆች) በሌለው የባሕር ጉዳይ ፍርድ ቤት ሊዳኝ ሆነ።

በ1765 የቴምብር ቀረጥ ተከተለ። ጋዜጣ፣ ውል፣ የፍርድ ቤት ወረቀት፣ ካርታ መጫወቻ ሳይቀር ቀረጥ ተጣለበት። እዚህ ላይ ለንደን ተሳስታለች። ጠበቃንና ጋዜጣ አታሚን በአንድ ቀን አስቀይሞ በሰላም ያደረ መንግሥት አላውቅም።

ዋናው ጥያቄ "ስንት?" ሳይሆን "ማን ወሰነ?" ነበር። ቨርጂኒያ ከ1619 ጀምሮ የራሷ የተመረጠ ምክር ቤት ነበራት። ሌሎቹም እንዲሁ። ግብር የሚጥሉባቸው ራሳቸው የመረጧቸው ሰዎች ነበሩ። ዕድር ያለው ሰው ይህን ቶሎ ይረዳዋል። የወር መዋጮ ጥቂት ዶላር ቢጨመር ማንም አይጣላም። ግን የማታውቁት ሰፈር ዕድር ሰብሳቢ መጥቶ "ከዛሬ ጀምሮ ለእኔ ክፈሉ" ቢላችሁስ? አንድ ዶላርም ብትሆን አትሰጡትም።

ለንደን መልስ ነበራት። "ማንቸስተርና በርሚንግሃምም የራሳቸው ተወካይ የላቸውም፣ ፓርላማው ግን ለሁሉም ያስባል" አለች። ሰፋሪዎቹ አልዋጥ አላቸው። የእንግሊዝን ዕቃ አንገዛም አሉ፣ ነጋዴው ለንደን ውስጥ ጮኸ፣ የቴምብሩ ሕግም በማርች 1766 ተሰረዘ። በዚያው ቀን ግን ፓርላማው ሌላ ሕግ አወጣ። በማንኛውም ጉዳይ ላይ ቅኝ ግዛቶቹን የሚያስር ሕግ የማውጣት ሙሉ ሥልጣን አለኝ የሚል። ሕዝቡ ለመሰረዙ ርችት ሲተኩስ ይህን ሁለተኛ ወረቀት ልብ ያለው ጥቂት ነው። ለዚህ ነው ሁልጊዜ የምጨቀጭቃችሁ፦ የተባለውን ሳይሆን የተጻፈውን እዩ።

አድማጭ ከአሌክሳንድሪያ፦ የእንግሊዝ ወታደሮች ሰው መኝታ ቤት ድረስ ገብተው ያድሩ ነበር የሚባለው እውነት ነው?

የ1765ቱን የወታደር ማሳደሪያ ሕግ ያነበበ ሰው ይህን አይልም፣ እናቴ። ሕጉ ወታደሮቹ መጀመሪያ በጦር ሰፈር፣ ቦታ ካልበቃ በመሸታ ቤትና በእንግዳ ማረፊያ፣ ከዚያም ሰው በማይኖርባቸው ቤቶችና ጎተራዎች ይደሩ ይላል። ሰው የሚኖርበትን ቤት አይጨምርም። ያስቆጣቸው ወጪውን ቅኝ ግዛቶቹ ይሸፍኑ መባሉ ነው። ጦርነት በሌለበት ጦር መሃላቸው መቀመጡም አልጣማቸውም።

ፈተናው ላይ ግን "ወታደሮቹ ሰው ቤት አረፉ" የሚለው ትክክለኛ መልስ ነው። ይበሉና ይለፉ። ከኦፊሰሩ ጋር ክርክር እንዳይገጥሙ አደራ። ለክርክሩ እኔ አለሁልዎት።

አድማጭ ከአትላንታ፦ ሻይ ሲወደድባቸው ነው አይደል ባሕር ውስጥ የጣሉት?

ሲረክስ ነው! ይህን ስንቴ እንደመለስኩት።

የእንግሊዙ የምሥራቅ ሕንድ ኩባንያ ዕዳ ውስጥ ገብቶ ነበር። ለንደን ያለው መጋዘኑ በሻይ ተሞልቷል። የ1773ቱ የሻይ ሕግ ኩባንያው ሻዩን ራሱ ወደ አሜሪካ እንዲልክና እንግሊዝ ውስጥ የሚከፈለው ቀረጥ እንዲቀርለት ፈቀደ። ዋጋው ወረደ። በአንድ ፓውንድ ክብደት ሻይ 3 ፔንስ የምትሆነዋ፣ አሜሪካ ውስጥ የምትከፈለው ቀረጥ ግን ባለችበት ቀረች። ሐሳቡ ግልጽ ነው። ርካሹን ሻይ ከገዛችሁ ቀረጡን ከፈላችሁ፣ ቀረጡን ከከፈላችሁ ፓርላማው ቀረጥ ሊጥልባችሁ እንደሚችል ተቀበላችሁ።

ሁሉም ለመርህ ብቻ እንደቆመ አድርጋችሁም እንዳታወሩ። ከሆላንድ በኮንትሮባንድ ሻይ የሚያስገቡ ነጋዴዎች ገበያቸው ሊዘጋ ነበር። በሕግ የሚያስመጡትም ኩባንያው የራሱን ሰዎች መርጦ ስለሰጣቸው ከጨዋታው ወጡ። መርህና ኪስ አንድ ላይ ሲቆጡ ነገር ይከርራል።

ዲሴምበር 16 ቀን 1773 ማታ ቦስተን ወደብ ላይ ከሦስት መርከቦች 342 ሣጥን ሻይ ባሕር ገባ። ለእኔ ከዚህ ይልቅ የሚበልጠው ቀጥሎ የመጣው ነው። በ1774 ፓርላማው የሻዩ ዋጋ እስኪከፈል የቦስተንን ወደብ ዘጋ። ቦስተን ያለችበትን የማሳቹሴትስን አስተዳደር ቀየረ፣ የከተማ ስብሰባዎችን ገደበ። የንጉሡ ሹም በሰው ግድያ ቢከሰስ ጉዳዩ ወደ ሌላ ቅኝ ግዛት ወይም ወደ እንግሊዝ ሊወሰድ ይችላል ተባለ። እስከዚያ ቀን ብዙዎች የቦስተንን ሰዎች "ረባሾች" ይሏቸው ነበር። አሁን ቨርጂኒያ ያለው ባለ ርስት "ዛሬ በእነሱ፣ ነገ በእኔ" አለ። በሴፕቴምበር የ12 ቅኝ ግዛቶች ተወካዮች ፊላደልፊያ ተሰበሰቡ። የቀረችው ጆርጂያ ብቻ ናት።

አድማጭ ከለንደን፦ ጁላይ 1776 በእኛ መቼ ይሆናል?

1768። ጁላይ 4 በዚያ ዓመት ሰኔ መጨረሻ ላይ ነው የሚውለው። ጎንደር ላይ ዓፄ ተክለ ሃይማኖት 2ኛ ነበሩ።

ተማሪ ከአዲስ አበባ፦ ስለዚህ በ1774 ነጻነት ጠየቁ ማለት ነው?

አይደለም የኔ ልጅ፣ ቀኑን እይ። በ1774 የጠየቁት የእንግሊዛዊነት መብታቸው እንዲከበር ነው። ኤፕሪል 19 ቀን 1775 ማሳቹሴትስ ውስጥ ሌክሲንግተንና ኮንኮርድ ላይ ከእንግሊዝ ጦር ጋር ተጋጭተው ደም ከፈሰሰ በኋላ እንኳ በጁላይ ለንጉሥ ጆርጅ ሦስተኛ የሰላም አቤቱታ ላኩ። ንጉሡ አልቀበልም አለ። በኦገስት አመፀኞች ናችሁ ብሎ አወጀ። ቀጥሎ የጀርመን ቅጥር ወታደሮች እንደሚመጡ ተሰማ። "ንጉሡ ደግ ነው፣ ክፉዎቹ ሹማምንቱ ናቸው" እያለ ይኖር የነበረው ሰው ማሰሪያው ተፈታበት።

በጃንዋሪ 1776 ቶማስ ፔይን አንዲት ትንሽ ጽሑፍ አሳተመ። ሰውዬው አሜሪካ ከገባ ገና አንድ ዓመት ከምናምን የሆነው እንግሊዛዊ ነው። ንጉሥ የሚባል ነገር ራሱ ለምን ያስፈልጋል ብሎ በቀላል ቋንቋ ጻፈ። ያነበበ አነበበ፣ ያላነበበ በመሸታ ቤት ሲነበብ ሰማ። ጁላይ 2 ነጻነቱ በድምፅ ተወሰነ፣ ጁላይ 4 የነጻነት አዋጁ ጽሑፍ ጸደቀ።

አዋጁን ራሱን አንብበው፣ ረጅም አይደለም። ክሶቹ ከሞላ ጎደል ሁሉም በንጉሡ ላይ ናቸው፣ ፓርላማውን በስሙ አይጠሩትም። ለምን? ፓርላማው በእኛ ላይ ሥልጣን የለውም ብለው ቀድመው ጨርሰዋል። የቀረቻቸው ገመድ ንጉሡ ስለነበር የቆረጡት እሱን ነው። የተባለውን ሳይሆን የተጻፈውን ያልኩህ ለዚህ ነው።

የታክሲ ሾፌር ከዋሽንግተን ዲሲ፦ የዲሲ ታርጋ ላይ ያለው "ያለ ውክልና ግብር" የሚለው ጽሑፍ ከዚህ ጋር ይገናኛል?

በደንብ እንጂ። ከ2000 ጀምሮ ታርጋው ላይ ያለው ተቃውሞ ነው። የዲሲ ነዋሪ የፌዴራል ግብር ይከፍላል። ሴኔት ውስጥ ግን ማንም የለውም፣ በታችኛው ምክር ቤት ያለችውም ተወካይ ሕግ ሲጸድቅ ድምፅ አትሰጥም። አሮጌውን መፈክር ለዛሬ ጉዳይ አወጡት።

አድማጭ ከቦልቲሞር፦ ግሪን ካርድ አለኝ፣ ግብር እከፍላለሁ። ያለ ውክልና ግብር የለም ካሉ እኔስ ለምን አልመርጥም? መንጃ ፈቃድ ላወጣ ስሄድ "መራጭ ሆነህ ትመዝገብ?" ብለውኝ አዎ ብያለሁ።

ቆይ፣ ቆይ ወንድሜ። ታሪኩ ይቆየን።

ይህን ነገር እዚህ ሬዲዮ ላይ ስናገር ጉሮሮዬ ደርቋል፣ አሁንም እደግመዋለሁ። ግሪን ካርድ ያለው ሰው የአሜሪካ ዜጋ አይደለም። በፌዴራል ምርጫ መምረጥ አይችልም። ከመረጠ ወንጀል ነው። "ዜጋ ነኝ" የሚል ቅጽ ላይ መፈረም ደግሞ ሳይመርጥም ቢቀር ከአገር ሊያስወጣ የሚችል ጉዳይ ነው። ሃያ ዓመት ግብር መክፈል ይህን አያጥበውም።

የእኛ ሰው ችግር ይገባኛል። መስኮቱ ጋ ያለችው ሠራተኛ ፈጥና ትናገራለች። ከኋላ ሰልፍ አለ። እንዳያፍር "አዎ" ይላል። "እዚህ ጋ ፈርም" ሲሉት ይፈርማል። ይሉኝታ ነው፣ ክፋት አይደለም። ግን ቅጹ ይሉኝታ አያውቅም! ቅጹ ላይ "የአሜሪካ ዜጋ ነኝ" ተብሎ ተጽፏል፣ ከሥሩ የአንተ ፊርማ አለ። ከዓመታት በኋላ ለዜግነት ስታመለክት "ዜጋ ነኝ ብለህ ታውቃለህ? ለመምረጥ ተመዝግበህ ታውቃለህ?" የሚሉ ጥያቄዎች ይጠብቁሃል።

ያኔ ደግሞ ሁለተኛው ስህተት ይመጣል። ጓደኛ "ዝም በል፣ አይታወቅም፣ አይደለም በል" ይለዋል። አንድ የነበረው ችግር ሁለት ይሆናል። ወይም ቅጽ በመሙላት የሚታወቅ ሰው ጋ ይሄዳል፣ እሱም ሳይጠይቀው ሁሉንም "አይደለም" ብሎ ይሞላለታል። ቅጽ መሙላትና ሕግ ማወቅ ይለያያሉ፣ እባካችሁ!

የማይገባችሁን ጥያቄ "አልገባኝም፣ አስተርጓሚ እፈልጋለሁ" ማለት አያሳፍርም። ያልተነበበ ወረቀት ላይ አትፈርሙ። የተባለውን ሳይሆን የተጻፈውን እዩ።

ታኮማ ፓርክን የመሳሰሉ አንዳንድ የሜሪላንድ ከተሞች ዜጋ ያልሆነ ነዋሪ በከተማው ምርጫ ብቻ እንዲመርጥ እንደሚፈቅዱ አውቃለሁ። እሱን ሰምታችሁ ለፕሬዚዳንት ምርጫ እንዳትሰለፉ። ለከተማውም ቢሆን በየትኛው መዝገብ እንደምትመዘገቡ ሳታረጋግጡ ንክች አታድርጉ።

የታሪኩ ጥያቄህ ላይ ደግሞ፣ መፈክሩን ያነሱት ሰዎች ራሳቸው ለሁሉም አላሰቡትም። ሴቶችና ንብረት የሌላቸው ወንዶች ግብር እየከፈሉ በአብዛኛው አይመርጡም ነበር። አንተ ግን አሁን ታሪክ አያስፈልግህም። ማንኛውንም ማመልከቻ ከማስገባትህ በፊት ፈቃድ ያለው የኢሚግሬሽን ጠበቃ ጋ ሂድ። ዛሬ ደውል።

አድማጭ ከሚኒያፖሊስ፦ በአብዮቱ መጀመሪያ የሞተው ጥቁር ነው ይባላል፤ ልክ ነው?

ክሪስፐስ አታክስን ነው የምትዪው። ማርች 5 ቀን 1770 ቦስተን ውስጥ ወታደሮች ተኩሰው ከገደሏቸው አምስት ሰዎች አንዱ ነው። የአፍሪካና የአገሬው ተወላጆች ዝርያ ነበረው። ወታደሮቹን ፍርድ ቤት ቆሞ የተከራከረላቸው ደግሞ በኋላ ሁለተኛው ፕሬዚዳንት የሆነው ጆን አዳምስ ነው።

አድማጭ ከሪችመንድ፦ "ሰው ሁሉ እኩል ተፈጠረ" ብለው እየጻፉ ባሪያ ነበራቸው። ይህ እንዴት ይታረቃል?

አይታረቅም። የነጻነት አዋጁን ያረቀቀው ጄፈርሰን ረቂቁ ላይ ለባሪያ ንግድ ንጉሡን የሚወቅስ አንቀጽ ነበረው፣ የቅኝ ግዛቶቹ ተወካዮች ጉባኤ ሰረዘው።

እንዲያውም እርስዎ ባሉበት ቨርጂኒያ ባርነት ራሱ ወደ ነጻነት ከገፉት ነገሮች አንዱ ነው። በኖቬምበር 1775 የንጉሡ አገረ ገዥ ሎርድ ደንሞር ከአመፀኛ ጌታው ጠፍቶ ለንጉሡ የሚዋጋ ባሪያ ነጻ ይወጣል ብሎ አወጀ። እስከዚያ ሲያመነቱ የነበሩ ባለ ርስቶች ከዚያ በኋላ ከንጉሡ ጋር የሚያስታርቅ ነገር አልታያቸውም።

በጦርነቱ ጊዜ ወደ እንግሊዝ ወገን ከጠፉት አንዱ ሃሪ ዋሽንግተን ይባላል። የጠፋው ከማን እንደሆነ ስሙ ይናገራል። ማውንት ቨርነን ካለው ከጆርጅ ዋሽንግተን ርስት ነው። ጦርነቱ ሲያልቅ ከሌሎች ሦስት ሺህ ገደማ ጥቁሮች ጋር ወደ ኖቫ ስኮሻ በመርከብ ተወሰደ። ከዚያ በ1792 ወደ ሴራሊዮን ተሻገረ። እዚያም የሚያስተዳድራቸው ኩባንያ የመሬት ግብር ክፈሉ ሲል ሰፋሪዎቹ በ1800 አመፁ። ሃሪም በዚያ አመፅ ተከሶ ከመኖሪያው ተባረረ።

አድማጭ ከሲያትል፦ የዜግነት ፈተናው ተለውጧል ይባላል?

አዎ። የሚወስነው ማመልከቻ ያስገባችሁበት ቀን ነው። ከኦክቶበር 20 ቀን 2025 ጀምሮ ያስገባ አዲሱን ይፈተናል፦ እስከ 20 ጥያቄ ይጠየቃል፣ 12 መመለስ አለበት። ከዚያ በፊት ያስገባ የድሮውን፦ ከ10 ጥያቄ 6። የጥናት ወረቀቱን ከቲክቶክ ሳይሆን ከኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤቱ ድረ ገጽ አውርዱ። በነጻ ነው።