እንጨቱን አትፋቁት

የተከበራችሁ እናቶችና አባቶች፣ ወንድሞችና እህቶች፣ እንደምን አመሻችሁ።

ኮሚቴው «ስለ ትርፍ ጊዜ ሥራህ አሥር ደቂቃ ተናገር» ሲለኝ ደነገጥኩ። እዚህ ኦስሎ ከኋላዬ «ጋሽ ጠመንጃው» እንደምትሉኝ አውቃለሁ። ግዴለም። ውጅግራ ወይም ምንሽር ግድግዳው ላይ ያልተሰቀለበት የስንቶቻችን አያት ቤት ነው?

እኔ የምሰበስበው ክራግ ዮርገንሰን የሚባለውን የኖርዌዮቹን ጠመንጃ ነው። ኡለ ክራግና ኤሪክ ዮርገንሰን እዚሁ ኖርዌይ፣ ኮንግስበርግ ከተማ ላይ የፈጠሩት። ዴንማርክ በ1889፣ አሜሪካ በ1892 ለሠራዊታቸው ቀድመው ተቀበሉት። የገዛ አገሩ በ1894 ነው የደረሰችው። በፈረንጅ ነው የምቆጥረው፤ እንዳትደናገሩ። አያቶቻችን አድዋ ሲዋጉ ይሄ ጠመንጃ እዚህ ሠራዊት ቤት ከገባ ገና ሁለት ዓመቱ ነበር። በቀኝ ጎኑ ትንሽ በር አለችው። ከፍታችሁ አምስት ጥይት እንደ ቆሎ ታፈሳላችሁ፣ ትዘጋላችሁ። ሲቀባበል ደግሞ ልስላሴው!

አሁን ወደ ሕመሜ ልምጣ።

ከአንዲት አሮጊት ጎረቤቴ የሟች ባሏን ክራግ ገዛሁ። ጀርመን በ1940 ኖርዌይን ሲወር ባሏ ይዞት ዘምቷል። ሰደፉ ላይ የስሙን ሁለት ፊደል በሰንጢ ቀርጾበታል። አንገቱ ላይ ስንጥቅ ስለነበረው ለአንድ ባለሙያ ሰጠሁት። ስንጥቁን ብቻ አልኩት። ስንጥቁን ብቻ!

ስመለስ እንደ ሆቴል ጠረጴዛ ያብረቀርቃል። በማሽን ፍቆ ቫርኒሽ ደፍቶበታል። የፋብሪካው ማኅተም የለም። ፊደሎቹም የሉም። «ለመፋቂያው አላስከፈልኩህም፣ ስጦታ ነው» አለኝ። ስጦታ!

አሮጊቷ ቡና ልትጠጣ መጣች። መነጽሯን አላደረገችም ነበር። በአውራ ጣቷ ፊደሎቹን ፈለገች። ደጋግማ ፈለገች። ከዚያ ስለ አየሩ አወራችኝ።

አሮጌ ማለት ቆሻሻ ነው ያለን ማነው? ብራና በሳሙና ይታጠባል? የጥንት የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ላይ ዘይት ቀለም የሚደፋውን እንረግም የለም እንዴ? ታዲያ ይሄኛው በምን ይለያል? ጭረቱን ያጠፋ ሰው አላደሰም፤ አፍርሷል! (እዚህ ላይ ማጨብጨብ ይቻላል።)

የተጎደጎደ እንጨት መፋቂያ አይፈልግም። እርጥብ ጨርቅ አድርጉበት፣ ትኩስ ካውያ ጫን አድርጉበት፤ እንፋሎቱ ያነሳዋል። ከዚያ የተልባ ዘይት በስሱ። አዎ፣ እናቶቻችን ለሆድ የሚሰጡን ያቺው ተልባ። የዘይቱን ጨርቅ ግን ጨምድዳችሁ ጥግ አትወርውሩት፤ በራሱ ሊቀጣጠል ይችላል።

ስለ ፈቃድ ለጠየቃችሁኝ፦ ፖሊስ ጋ ነው። የሚቆለፍ የብረት ሳጥንም ያስፈልጋል። ስለ ዝገትና የጠመንጃው ክፍሎች ላይ የተመታው ቁጥር አንድ ዓይነት ስለ መሆኑ ላወራ ነበር፤ ሰዓቱ ሄደ።

ዛሬ ጠመንጃ አላመጣሁም። እንጨቱን ብቻ ነው ያመጣሁት፤ ያ ጠረጴዛ ላይ ነው። ስትወጡ በአውራ ጣታችሁ ዳስሱት። ፊደሎቹ የነበሩት በግራ በኩል ነው።