የሞተው ከተወለደው ሲበልጥ

እንደምን አመሻችሁ ወገኖቼ!

ከአንድ መጥረቢያ ልጀምር። በካሪቢያን የስኳር እርሻዎች የአገዳ መጭመቂያው አጠገብ ስለታም መጥረቢያ ይቀመጥ ነበር። በአዝመራ ወቅት ሥራው ሌሊትም አይቆምም። አገዳ የምታጎርሰው ሴት እንቅልፍ ሲያሸንፋት እጇ ከአገዳው ጋር ይገባል። መጭመቂያው ጎትቶ ሳይጨርሳት ክንዷን በመጥረቢያው ይቆርጡታል። አደጋው የተለመደ ስለነበር መሣሪያው ቀድሞ ተዘጋጅቷል።

ለንደን ውስጥ ደግሞ የባሪያ ንግድ ደጋፊዎች ባሪያ ንብረት ነው፣ ንብረቱን የሚጎዳ ባለቤት የት አለ እያሉ ይሟገታሉ። እ.ኤ.አ. በ1798 እንግሊዛዊው የኢኮኖሚ ሊቅ ቶማስ ማልተስ ሕዝብ ከምግቡ ቀድሞ ይበዛል የሚል ጽሑፍ ሲያወጣ አዲስ ምርኩዝ አገኙ። አፍሪካ የተወሰደባትን ሰው ወዲያው ትተካለች፣ ታዲያ ንግዱ ምን ጎዳት? አሉ።

ማልተስ ስሙ ለዚህ መዋሉ አንገበገበው። በመጽሐፉ መጨረሻ ባከለው ጽሑፍ ክርክሩን መልሶ እነሱው ላይ አዞረው። ሰው በተፈጥሮው የሚበዛ ከሆነ፣ ካሪቢያን ያሉት ባሪያዎች ለምን አይበዙም? ኑሯቸው የሚቻል ቢሆን ኖሮ ራሳቸውን ይተኩ ነበር። ይህን ባነበብኩ ቁጥር ይሰቀጥጠኛል። መርከቦቹ የሚመላለሱት የሞተውን ለመተካት ነበር ማለት ነው። ለብዙ ባለ እርሻዎች ሕፃን ከማሳደግ አዋቂ መግዛት ይረክስላቸው ነበር።

ቁጥሩን እዩት። የእንግሊዝ ቅኝ ግዛት ወደነበረችው የካሪቢያን ደሴት ጃማይካ 1 ሚሊዮን ገደማ አፍሪካውያን ተወስደዋል። በ1834 ግን እዚያ የነበሩት ባሪያዎች 311,000 ገደማ ብቻ ነበሩ። ወደ አሜሪካ በቀጥታ የተጫኑት 400,000 ገደማ ሲሆኑ፣ በ1860 ቆጠራ 4 ሚሊዮን ሊሞሉ ጥቂት ቀርቷቸው ነበር። አሜሪካ ደግ ነበረች እያልኩ አይደለም። እዚያም የሚወለደው ልጅ ከእናቱ ጉያ ተነጥቆ ይሸጥ ነበር።

የእንግሊዝ ፓርላማ ንግዱን በ1807 ከለከለ፣ ባርነቱ ግን ቀጠለ። ከ1817 ጀምሮ የጃማይካ ባለቤቶች ባሪያዎቻቸውን በየሦስት ዓመቱ በስም ማስመዝገብ ነበረባቸው። ስም፣ ዕድሜ፣ ጭማሪ፣ ቅናሽ። ቁጥሩ እየወረደ ሄደ። ባርነት እንዲቀር ይታገል የነበረው የፓርላማ አባል ቶማስ በክስተን ይህንኑ ይዞ ፓርላማ ፊት ቆመ። እንግዲህ ማስረጃው ከጠላት አልመጣም፣ ባለቤቶቹ ራሳቸው የሞሉት መዝገብ ነው። በ1833 የነፃነት ሕጉ ሲወጣ 20 ሚሊዮን ፓውንድ ካሳ የተመደበው ለእነዚሁ ባለቤቶች ነበር። ባሪያ ለነበሩት ሰባራ ሳንቲም አልተሰጠም።

በሁለት ምዝገባ መሃል ተወልዶ የሞተ ሕፃን ደግሞ ብዙ ጊዜ መዝገቡ ውስጥ የለም። እናቱ ስም አውጥታለት ይሆናል። ጭማሪም ቅናሽም ተብሎ አልተጻፈም።