ሞክሼዎችን ስለ መለየት

የተከበራችሁ የቤተ መጻሕፍትና የመዛግብት ባለሙያዎች፣ የሕይወት ታሪክ ጸሐፊዎች፣ ክቡራን እንግዶች፤ እንደምን አደራችሁ።

የዛሬው ንግግሬ አንድ ስም ይዘው ሁለቱም ስለ ገነኑ ሞክሼዎች ነው። ርእሱ ለጨዋታ የሚመች ይመስላል። የአንዱ ድካም በሌላው ስም ሲመዘገብ ግን ጨዋታነቱ ያበቃል።

እ.ኤ.አ. በ1899 ዊንስተን ቸርችል ለዊንስተን ቸርችል ደብዳቤ ጻፈ። ላኪው በኋላ የብሪታንያ ጠቅላይ ሚኒስትር የሆነው ሰው ነው፤ ያን ጊዜ ገና ሃያ አምስት ዓመት አልሞላውም። ተቀባዩ በሦስት ዓመት የሚበልጠው አሜሪካዊ ልብ ወለድ ደራሲ ሲሆን፣ በመጽሐፍ ገበያው ስሙ የተጠራውም እርሱ ነበር። እንግሊዛዊውም ልብ ወለድ ጽፎ ስለ ነበር አንባቢ እንዳይደናገር ሰጋ፤ ስለዚህ ከእንግዲህ በመጻሕፍቱ ላይ «ዊንስተን ስፔንሰር ቸርችል» ተብሎ እንደሚጠራ አስታወቀ። አሜሪካዊው በበኩሉ፣ ተጨማሪ ስም ቢኖረው ኖሮ እርሱም ይጠቀምበት እንደ ነበር መለሰለት። ጨዋነት የሞላበት ልውውጥ ነው፤ ለእኔ ግን ጥቂት የፉክክር ሽታ አያጣም። በ1900 ሁለቱ ቦስተን ላይ በአካል ተገናኙ።

አሜሪካዊውም ፖለቲካ ውስጥ ገብቶ ለኒው ሃምፕሻየር ምክር ቤት ተመርጧል። ሥዕልም ይሥል ነበር፤ እንግሊዛዊውም እንዲሁ። እንግዲህ አንድ ሰው «ቸርችል፣ ደራሲ፣ ፖለቲከኛ፣ ሠዓሊ» ብሎ ቢመዘግብ የትኛውን መዘገበ? የሚለያቸው የትውልድ ዓመታቸው ነው፦ 1871 እና 1874።

ዛሬ ስሙ ሲነሣ በሁላችንም አእምሮ የሚመጣው አንዱ ብቻ ነው። በ1899 አንባቢዎች ተጠይቀው ቢሆን ብዙዎቹ ሌላኛውን በጠሩ ነበር። ስለዚህ «ታዋቂው እርሱ ስለ ሆነ መለያ አያስፈልገውም» የሚለውን የመዝጋቢዎች ልማድ አልቀበለውም። ዛሬ የተዘነጋው ነገ ሊፈለግ ይችላል፤ ያን ጊዜ በዝነኛው ጥላ ሥር ተቀብሮ መገኘት የለበትም።

ሌሎቹን በአጭሩ ላንሣ። ፈላስፋው ፍራንሲስ ቤከን በ1626 ሞተ፤ ሠዓሊው ፍራንሲስ ቤከን በ1909 ተወለደ። ዘመናቸው ቢራራቅም የኮምፒውተር ፍለጋ ሁለቱን አንድ ላይ ዘርግፎ ያመጣቸዋል። አሌክሳንድር ዱማ አባትና ልጅ ሁለቱም ፈረንሳዊ፣ ሁለቱም ደራሲ ነበሩ፤ የሚለዩትም «አባት» እና «ልጅ» እየተባሉ ነው። ተዋናዩ ማይክል ኪተን የትውልድ ስሙ ማይክል ዳግላስ ነው፤ በሙያው ሌላ ማይክል ዳግላስ ቀድሞት ስለ ተገኘ ስሙን ለወጠ። በብራዚል ብሔራዊ ቡድን ደግሞ በዕድሜ የሚበልጠው ሌላ ሮናልዶ ስለ ነበረ፣ ዝነኛው ሮናልዶ እ.ኤ.አ. በ1996ቱ ኦሊምፒክ «ሮናልዲንሆ» የሚል ማሊያ ለብሶ ተጫወተ። ቆይቶ እውነተኛው ሮናልዲንሆ ሲመጣ ያ ማሊያ ስንቱን እንደሚያደናግር አስቡት!

ለተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. ከ2012 ጀምሮ ኦርኪድ የተባለ ባለ 16 አኃዝ መለያ አለ። ባለቤቱ ራሱ የሚመዘገብበት ስለ ሆነ በሕይወት ላሉት ጥሩ ነው። ለሞቱት ግን ያለነው እኛ ነን።

ስለዚህ አንድ ነገር እጠይቃችኋለሁ። በምትሞሉት ቅጽ ላይ የትውልድ ዓመት ቦታው ባዶ ሆኖ አይለፍ። ዓመቱ ካልተገኘ ሙያውን፣ ሙያው ካልለየ የተወለደበትን ከተማ ጻፉ። አሁን ጥያቄዎቻችሁን ለመቀበል ዝግጁ ነኝ፤ አመሰግናለሁ።